ደቻቱ፣ ግንቡና ከግንቡ ኋላ ያሉት ዲቾች

ድሬዳዋ መሀል የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ግመልና አህያ ይሻገርበታል፣ ነጋዴ ሸራ ዘርግቶ ይውልበታል፣ ገልባጭ መኪና እየገባ አሸዋ ይጭንበታል። እንግዳ ሰው ድልድዩ ላይ ቆሞ «ወንዙ የት አለ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ውኃ የሚወርድባቸው ሰዓቶች ተደምረው ቢቆጠሩ በዓመት ከጥቂት ቀናት አይበልጡም። ድሬዳዋን ለሁለት የከፈላት ግን ይኸው አሸዋ ነው፤ ከዚህ ማዶ ከዚራ፣ ከዚያ ማዶ መጋላ።

ስለ ደቻቱ ሲወራ የሚነሳው የ1998ቱ ጎርፍና ከዚያ ወዲህ የተሠራው ግንብ ነው። ግንቡ ያስፈልጋል፤ እሱ ላይ ክርክር የለም። ችግሩ ግንቡ ከቆመ በኋላ ሰው ሁሉ ዓይኑን እዚያ ላይ መትከሉ ነው። ግንብን ብዙ ጊዜ የሚጥለው ፊቱን የሚመታው ውኃ ሳይሆን ከእግሩ ሥር የሚዛቀው አሸዋ ነው። ሰፈር የሚያጥለቀልቀውም ሁልጊዜ ከደቻቱ የመጣ ጎርፍ አይደለም፤ ወደ ደቻቱ መውጫ ያጣ የሰፈሩ የራሱ ዝናብ ነው። ስለዚህ እዚህ ስለ ጎርፉ ታሪክ ባጭሩ፣ ስለ ግንቡ እግርና ስለ ዲቹ፣ ማለትም ስለ ሰፈሩ የውኃ መውረጃ ቦይ፣ ግን በሰፊው ነው የሚወራው።

ከተማው ለምን እዚህ ሆነ

ባቡሩ ሲታሰብ መድረሻው ሐረር ነበር። ከጂቡቲ የተነሳው ሐዲድ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ደርሶ ቆመ። ምክንያቱ ሂሳብ ነው፤ ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ወደ ሐረር ሲወጣ ተራራው ላይ ያለው ደንገጎ ግን ከ2000 ሜትር በላይ ነው። በመካከላቸው ያለው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ20 ኪሎ ሜትር ከ800 ሜትር በላይ መውጣት በየ100 ሜትሩ ከ4 ሜትር በላይ ሽቅብ መሄድ ማለት ሲሆን፣ ለዚያ ዘመን የእንፋሎት ባቡር ይህ አይቀመስም። ስለዚህ ጣቢያው ሜዳው ላይ ተተከለ፣ ቦታውም ለተወሰነ ጊዜ «አዲስ ሐረር» ተባለ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው 1909 ዓ.ም. ላይ ነው፤ እስከዚያ ያለው ጊዜ ለድሬ የወርቅ ዘመን ነበር።

የባቡሩ ሰዎች ከዚራን በቀጥተኛ መንገድና በዛፍ ጥላ ነደፉት። መጋላ ገበያው እንደመራው አደገ። በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊ አሸዋ የማንም አልነበረም። ባዶ መሬት ደግሞ ከተማ ውስጥ ባዶ ሆኖ አይቆይም፤ መጀመሪያ ከብት ይታሰርበታል፣ ቀጥሎ ሸራ ይወጠርበታል፣ ከዚያ ቆርቆሮ ይመታበታል፣ በመጨረሻ ብሎኬት ይደረደርበታል። ገበያው ራሱ «አሸዋ» ተብሎ የሚጠራባት ከተማ ናት። የወንዝ አልጋ ዳር መኖር ጅልነት ነው ለማለት የሚቸኩል ሰው አለ። ድሃ ሰው ግን ለሥራው ቀርቦ የሚያርፍበት ሌላ ቦታ አልነበረውም፤ አሸዋውም አምስትና ስድስት ዓመት ምንም ሳያደርገው ቆይቶ ያዘናጋዋል።

የሚመጣው ከላይ ነው

የደቻቱ ውኃ ድሬ ላይ የዘነበ ዝናብ አይደለም። ከደንገጎና ከአካባቢው ገደላማ ቦታዎች የሚነሱ ብዙ ሸለቆዎች እየተጋጠሙ ሲወርዱ የሚፈጠር ነው። ድሬዳዋ በዓመት የምታገኘው 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ላይኛው አገር የበለጠ ይዘንብበታል። አፈሩ ስስ ነው፣ ከሥሩ ድንጋይ ነው፣ ቁልቁለቱ ከባድ ነው። ውኃ ለመስረግ ጊዜ አያገኝም።

ቁጥሩን እንየው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ሄክታር ላይ 10 ሜትር ኩብ ውኃ ነው። 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ሲወርድ 50,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። ግማሹ ቢሰርግ እንኳ ከእያንዳንዱ ካሬ ኪሎ ሜትር 25,000 ሜትር ኩብ ቁልቁል ይነሳል። ይህ ውኃ በሰከንድ 3 ሜትር ቢጓዝ 20 ኪሎ ሜትሩን 2 ሰዓት ሳይሞላው ይጨርሳል። ድሬ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ኮከብ እየታየ፣ አንዲት ጠብታ ሳይወርድ ጎርፍ የሚገባው ለዚህ ነው።

የሐምሌ 1998ቱም ሌሊት የመጣ ነው። ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ፣ ሐምሌ 30፣ ሰው ተኝቶ ሳለ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፣ ሺዎች ያለ ቤት ቀሩ። በ1973 ዓ.ም. ክረምትም ሰው የገደለ ጎርፍ ወርዶ ነበር። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ደግሞ በበልጉ ወርዶ እንደገና ሕይወት አጠፋ። ይህ የመጨረሻው ልብ ሊባል ይገባል። ብዙ ሰው ጎርፍን የሐምሌና የነሐሴ ነገር አድርጎ ነው የሚያስበው፤ የዲች ጠረጋም በሰኔ ይታወጃል። የበልጉ ዝናብ ከመጋቢት ጀምሮ ይመጣል፣ ሚያዝያ ላይ ይበረታል። በሰኔ የሚጠረግ ዲች የመጀመሪያውን ፈተና ሳይጠረግ አልፏል ማለት ነው።

የግንቡ እግር

ደቻቱ ዳር ሁለት ዓይነት ሥራ ይታያል፤ በሲሚንቶ የተገነባ የድንጋይ ግንብና በሽቦ ሳጥን የታሰረ ድንጋይ፣ ማለትም ጋቢዮን። የሚበላሹበት መንገድ የተለያየ ነው።

የድንጋይ ግንብ የሚቆመው በክብደቱ ነው። 3 ሜትር ከፍታ ላለው ግንብ የታችኛው ውፍረት ከ1.5 እስከ 1.8 ሜትር መሆን አለበት፤ ይኸውም ከከፍታው ከግማሽ እስከ ስድስት አስረኛ ነው። መሠረቱ ዛሬ ከሚታየው አሸዋ ሳይሆን ጎርፍ ሲወርድ አሸዋው ተጠርጎ ከሚደርስበት ጥልቀት በታች ይቀመጣል። ይህ ነው ከዓይን የሚሰወረው። ጎርፍ ሲወርድ ከላይ ውኃ ይታያል፣ ከሥሩ ግን አሸዋው ራሱ ይጓዛል። ውኃው ሲጎድል አሸዋው ተመልሶ ጉድጓዱን ይሞላዋል። ጠዋት ለሚያይ ሰው አልጋው እንደ ትናንቱ ነው፤ ሌሊቱን የግንቡ እግር ራቁቱን ቆሞ እንደነበር ምልክት አይተውም። የፍሰት ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ውኃው ሊገፋው የሚችለው የድንጋይ ክብደት 64 እጥፍ ያድጋል ይባላል በሃይድሮሊክስ፤ ያን ያህል ትልቅ ቋጥኝ አሸዋው ላይ ተጋድሞ ሲገኝ ማን እንዳመጣው መጠየቅ አያስፈልግም።

ሲሚንቶውና አሸዋው 1 ለ3 ወይም 1 ለ4 ይቦካል። አሸዋው ከደቻቱ የሚወጣ ከሆነ መጀመሪያ ይፈተን። የሃይላንድ ፕላስቲክ እስከ ግማሹ አሸዋ ይሞላል፣ እስከ ሦስት አራተኛው ውኃ ይጨመርበታል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ይገባበታል፣ በደንብ ይናጣል፣ ከዚያ ሳይነካ ሦስት ሰዓት ያህል ይቀመጣል። አሸዋው ከታች፣ ደለሉ ከላይ ይለያል። የደለሉ ውፍረት ከጠቅላላው ከ6 በመቶ ካለፈ ይታጠባል ወይም ይመለሳል። 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ማለት ነው፤ በማስመሪያ ይለካል። ጎርፍ ከቆመ በኋላ አልጋው ላይ የሚቀረው ለስላሳ ቡናማ ቅርፊት ንጹሕ ደለል ነው፤ ጫኚዎች ሲቸኩሉ ከአሸዋው ጋር ይዝቁታል። በዚያ የተገነባ ግንብ በሁለት ክረምት ውስጥ በጣት ይፈረፈራል።

ከግንቡ ጀርባ ያለው ውኃ ከፊት ካለው ያላነሰ አደገኛ ነው። አፈሩ ውኃ ጠጥቶ መውጫ ሲያጣ፣ 3 ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ ብቻውን በእያንዳንዱ ሜትር የግንብ ርዝመት ላይ 4.5 ቶን ያህል ይገፋል። ጎርፉ ከፊት ሆኖ መልሶ ሲገፋ ይህ አይሰማም። ጎርፉ በድንገት ሲጎድል ነው ግንቡ ወደ አልጋው የሚጋደመው፤ ለዚህ ነው አንዳንድ ግንብ ዝናቡ ባባራ ማግሥት የሚወድቀው። መፍትሔው በየ1.5 ወይም 2 ሜትሩ የሚቀበር ከ75 እስከ 100 ሚሊ ሜትር የሆነ የፒቪሲ ቱቦ ነው፤ ወደ ውጭ ትንሽ ያዘቀዘቀ፣ ከኋላው ጠጠር የተደረገለት። ጠጠሩ ከሌለ አፈሩ ቱቦውን ይደፍነዋል። በተግባር ግን ቱቦውን የሚደፍነው ሰው ነው፤ አይጥ ይገባበታል፣ ይሸታል፣ ልጆች ድንጋይ ይጨምሩበታል እየተባለ በጨርቅና በሲሚንቶ ይዘጋል። አይጥ ለመከላከል የወንፊት ሽቦ ማሰር ይበቃል።

ጋቢዮን ይህ ጣጣ የለበትም፤ ውኃው በድንጋዮቹ መካከል ያልፋል። የእሱ ችግር ሌላ ነው። የተለመደው ሳጥን 2 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ስፋት፣ 1 ሜትር ከፍታ አለው። የሽቦው ዓይን 8 በ10 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ድንጋይ ቀስ በቀስ ይሾልካል፤ ከ25 በላይ የሆነው ደግሞ ክፍተት ይተዋል። አሞላሉ በሦስት ዙር ነው፤ 33 ሴንቲ ሜትር ገደማ ተሞልቶ የፊቱ ገጽ ከኋላው ገጽ ጋር በሽቦ ይጠፈራል፣ እንደገና ይሞላል፣ ይጠፈራል። ይህ ማሰሪያ ሲዘለል ሳጥኑ ሆዱን ይነፋል። የፊቱ ድንጋይ በእጅ ይደረደራል እንጂ በአካፋ አይደፋም። ከላይ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ይሞላል፣ ድንጋዩ እየረጋ ይወርዳልና። ሳጥንና ሳጥን ሲያያዙ ሽቦው በየዓይኑ እየተጠመዘዘ ይሄዳል፤ አራት ቦታ ብቻ ቋጥሮ መሄድ ስንፍና ነው። ከኋላው ጂኦቴክስታይል (ውኃ አሳልፎ አፈር የሚያስቀር ጨርቅ) ወይም በመጠን የተደረደረ ጠጠር ካልተደረገ ውኃው አፈሩን በድንጋዮቹ መካከል እየመጠጠ ያወጣዋል። ከላይ ያለው ቤት መሬቱ ሲሰምጥበት ጋቢዮኑ ግን ድንጋዩ አንድም አልጎደለ፤ ሰው ግራ ይገባዋል።

አሸዋ ዘራፊውና አሸዋ ጠራጊው

ከደቻቱ አሸዋ ማውጣት ክፉ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ድልድይ ሥር የተከመረ አሸዋ የውኃውን መተላለፊያ ያጠበዋል፤ ያን ማንሳት ለከተማው ጥቅም ነው። ችግሩ የትና እንዴት የሚለው ነው። ደረቅ አሸዋ ከ33 ዲግሪ ገደማ በላይ ቀጥ ብሎ አይቆምም። 2 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ጠርዙ እስከ 3 ሜትር ወደ ኋላ ይናዳል። ስለዚህ ከግንቡ እግር 3 ሜትር ርቄ ቆፈርኩ የሚል ሰው የግንቡን እግር ነክቷል ማለት ነው። እጥፉን፣ 6 ሜትር፣ መራቅ ዝቅተኛው ነው። ከአልጋው መሀል፣ ሳስቶና ሰፍቶ መዛቅ ይሻላል፤ ጠባብና ጥልቅ ጉድጓድ ግን ጎርፍ ሲመጣበት ጠርዙ ወደ ላይ እየተናደ ይሄዳል፤ ዛሬ 200 ሜትር ታች የተቆፈረው ለከርሞ ድልድዩ እግር ሥር ይደርሳል።

ገልባጩ የሚጭነው ከመኪና መግቢያው አጠገብ ነው፣ እዚያ ደግሞ ግንቡ አለ። ሾፌሩ ጎማው እንዳይሰምጥ ነው የሚያስበው። ሥራ ላይ ላለ ሰው «አቦ፣ እዚህ አትቆፍር» ማለት ብቻ አይሰራም፤ የመግቢያው መንገድ ራሱ ወደ አልጋው መሀል በድንጋይ ካልተነጠፈ ማንም መሀል ድረስ አይገባም።

ዲቹ

ወደ ሰፈሩ እንመለስ። መጋላ ውስጥ በብዙ ቦታ ያለው ዲች 40 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ የግንብ ቦይ ነው እንበል፣ ቁልቁለቱም 1 በመቶ ይሁን። ንጹሕ ከሆነ ሞልቶ ሲፈስ በሰከንድ 200 ሊትር ገደማ ያወጣል። በ20 ሴንቲ ሜትር አሸዋ ሲሞላ ሰው ግማሹ ቀረ ይላል፤ በሂሳብ ግን የሚያወጣው 86 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ከግማሽ በታች የወረደው ውኃው ከወለሉና ከግድግዳው ጋር የሚተሻሸው ከመጠኑ አንጻር ስለሚበዛና ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ነው።

አሁን ወደ ዲቹ የሚገባውን እንቁጠር። ጣራና አስፋልት የበዛበት 1 ሄክታር ሰፈር በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር በሚጥል ዝናብ በሰከንድ 130 ሊትር ያህል ይሰጣል። ንጹሑ ዲች ይችለዋል፣ ትርፍም አለው። ግማሹ የተደፈነው አይችለውም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ቅዳሜ ጠዋት የሚሠራ ሥራ ነው።

ዲቹን የሚደፍነው ምንድን ነው? ከታች አሸዋ ነው፤ መሀሉ ላይ ፌስታልና ሃይላንድ፤ ከላይ ገራባ፣ ማለትም የጫት ትራፊ። ከአወዳይ የሚመጣው ጫት ከሰዓት ይቃማል፣ ማታ ገራባው በረንዳ ላይ ይቀራል፣ ጠዋት በመጥረጊያ ወደ ዲቹ ይገፋል። ፍየሎች ደርሰው ቢበሉት እሰየው ነበር፤ ቅጠሉን ይበላሉ፣ ደረቁን እንጨት ይተዋሉ። ያ እንጨት ቱቦ አፍ ላይ ተሻግሮ ይቀመጣል፣ ፌስታሉ ይጠመጠምበታል፣ አሸዋው ከኋላው ይከመራል። የተዘጋ ቱቦ ሲከፈት ከመሀሉ ብዙ ጊዜ የሚወጣው እንዲህ የተጠላለፈ ነገር ነው፤ በአካፋ አይበጠስም፣ በመንጠቆ ነው የሚሳበው።

ስለ አጠራረጉ፦ ከታች ወደ ላይ ነው። ከደቻቱ መውጫው ተጀምሮ ወደ ሰፈሩ ሽቅብ ይሄዳል። አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ከራሱ ደጃፍ ነው፤ ከላይ የተነቀነቀው ቆሻሻ ታች ሄዶ ገና ያልተጠረገውን ይጨርሰዋል። መውጫው ጋ መጀመሪያ የሚታየው አሸዋው ነው፤ የደቻቱ አልጋ ከዲቹ አፍ በላይ ከፍ ብሎ ከሆነ ሌላው ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው። ከአፉ ፊት ለፊት ወደ አልጋው መሀል የሚያዘቀዝቅ ቦይ ይቆፈርለታል፣ ከእያንዳንዱ ጎርፍ በኋላም ይታደሳል።

100 ሜትር ርዝመት ያለው፣ 40 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ዲች 20 ሴንቲ ሜትር አሸዋ ከያዘ 8 ሜትር ኩብ ይወጣዋል። በ60 ሊትር የእጅ ጋሪ ከ130 ጊዜ በላይ መመላለስ ነው። አሥር ሰው ካለ፣ ሦስቱ በዶማና በአካፋ እየቆፈሩ፣ ሁለቱ እየጫኑ፣ አራቱ ጋሪ እየገፉ፣ አንዱ ክዳን እያነሳና እየመለሰ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከተጀመረ ዋናው ሥራ እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ያልቃል። ከዚያ በኋላ የድሬ ፀሐይ አያሠራም። ለዚህ ሰው የሚያሰባስበው አፎቻው ወይም እድሩ ነው፤ ቅጣቱም እዚያ ስለሚጻፍ ይሠራል። የወጣው አሸዋ ዲቹ ዳር ተከምሮ ካደረ ግን ባይወጣ ይሻል ነበር፤ በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ይገባል፣ ይህም ጥፋት በየዓመቱ ይደገማል። የሚያነሳው መኪና ሳይቀጠር ጠረጋ አይጀመርም።

ክዳኖቹ የራሳቸው ጉዳይ አላቸው። 60 በ50 ሴንቲ ሜትር፣ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የኮንክሪት ክዳን 72 ኪሎ ይመዝናል። ሲሠራ ሁለት የብረት ቀለበት ካልተቀበረበት ሰው በብረት ዘንግ እየፈነቀለ ጠርዙን ይሰብረዋል፤ ወይም ከናካቴው አያነሳውም። ሱቁ ፊት ለፊት ያለውን ዲች በአንድ ወጥ ኮንክሪት የሚደፍን ነጋዴ ደግሞ ደጃፉን አሳምሮ የሰፈሩን ጉሮሮ አንቋል። ቢያንስ በየ5 ሜትሩ የሚነሳ ክዳን ይተው። ክዳን ያለው ክፍል የሚጀምርበት ቦታ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር እየተራራቁ፣ ወደ ኋላ ጋደል ብለው የሚተከሉ ብረቶች ገራባውን ይይዛሉ፤ ግን ከየዝናቡ በኋላ የሚያጸዳው ሰው ከሌለ ያ ወንፊት ራሱ ግድብ ይሆናል። ሰው የማይመደብለት ከሆነ ባይተከል ይመረጣል።

ዲቹ ግንቡን ቀዶ ደቻቱ ውስጥ በሚወጣበት ቦታ ላይ ከላይ በማጠፊያ የተንጠለጠለ ወደ ውጭ ብቻ የሚከፈት የብረት ክዳን ያስፈልጋል። የሰፈሩ ውኃ ገፍቶ ይከፍተዋል፤ ደቻቱ ሲሞላ ጎርፉ ራሱ ገፍቶ ይዘጋዋል። ያለዚህ ክዳን ግንቡ የቱንም ያህል ቢረዝም ጎርፉ በዲቹ በኩል ወደ ኋላ ተመልሶ ከግንቡ ጀርባ ይወጣል። ማጠፊያው በዝገት እንዳይደርቅ በዓመት ሁለቴ፣ የካቲትና ሰኔ ላይ፣ ግራሶ ይቀባል፤ ሥሩ አሸዋ እንዳይቀመጥ ይታያል። በእግር ሲገፋ የማይወዛወዝ ክዳን እንደሌለ ይቆጠራል።

ላይኛው አገር

ደንገጎ አካባቢ የሚሠራው እርከን፣ ክትር (ሸለቆ ውስጥ ውኃውን የሚያበርድ ትንሽ ግድብ) እና የዛፍ ተከላ ከ1998 በኋላ በስፋት ሲነገርለት ቆይቷል። ይጠቅማል፣ ግን ምን እንደሚጠቅም ማወቅ ጥሩ ነው። 3 ሜትር ርዝመት፣ ግማሽ ሜትር ስፋትና ግማሽ ሜትር ጥልቀት ያለው ትሬንች (ውኃ ማስረጊያ ጉድጓድ) 0.75 ሜትር ኩብ ይይዛል። ሺህ ትሬንች 750 ነው። ከላይ ከአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ይነሳል ካልነው 25,000 ሜትር ኩብ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ለየዓመቱ መካከለኛ ዝናብ ጎርፉን ያዘገየዋል፣ ከሁሉ በላይ አሸዋውንና ድንጋዩን እላይ ያስቀረዋል፤ ለታላቁ ሌሊት ግን ብቻውን አይበቃም።

ክትር ሲሠራ የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል መሆን አለበት። 10 በመቶ ቁልቁለት ባለው ሸለቆ 1 ሜትር የሚረዝሙ ክትሮች በየ10 ሜትሩ ይተከላሉ ማለት ነው። አናቱ መሀል ላይ ዝቅ ይደረጋል፤ ዳርና ዳሩ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ወደ ገደሉ ገብቶ ይቀበራል። አናቱ ጠፍጣፋ የሆነ ክትር ውኃውን ወደ ዳር ይልከዋል፣ ውኃው ገደሉን ቆርጦ ክትሩን ዞሮ ያልፋል፣ ሸለቆው ከበፊቱ የሰፋ ይሆናል።

ሲመጣ

ከ1998 ወዲህ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ተዘርግቷል፤ ከሁሉም ፈጣኑ ግን ላይኛው ቀበሌ ካለ ዘመድ የሚደወል ስልክ ነው። «ደንገጎ እየጣለ ነው» ከተባለ፣ አሸዋው ላይ ያለ ዕቃ ወዲያው ይነሳል፤ ቅድም ባልነው ሂሳብ ያለው ጊዜ ከሁለት ሰዓት በታች ነው። የጎርፉ ግንባር ሲመጣ አረፋና ጭራሮ እየገፋ ነው፤ ድምፁ ከመታየቱ ይቀድማል። የመጀመሪያው ውኃ ቀጭን ነው ብሎ ለመሻገር የሚሞክር ሰው ይሳሳታል፤ ከፍታው በደቂቃዎች ውስጥ ይለወጣል። 30 ሴንቲ ሜትር የሚፈስ ውኃ ትልቅ ሰው ይጥላል፣ 60 ሴንቲ ሜትር መኪና ያንሳፍፋል። ባጃጅ ከመኪና ይቀልላል፤ ሦስት ሰው ጭኖ «ይችለዋል» ማለት ሞተሩ ሳይጠፋ በፊት የሚባል ነገር ነው።

የጉድጓዱ ውኃ

ጎርፉ ሁሉ ጠላት አይደለም። አሸዋው ሲጠጣ የከርሰ ምድሩ ውኃ ይሞላል፤ የቀረው ወደ ሽንሌ ሜዳ ወርዶ ተበትኖ ይሰርጋል እንጂ ሌላ ወንዝ አይደርስም። ከተማዋ የምትጠጣው ሳቢያን ካሉት ጉድጓዶች ጀምሮ የከርሰ ምድር ውኃ ነው። ድንጋዩ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ውኃው ጠጣር ነው፤ የድሬ ማንቆርቆሪያ ውስጡ የሚነጣው ለዚህ ነው። ሐረርም የሐሮማያ ሐይቅ ሲደርቅባት ከድሬዳዋ ቆላ በፓምፕ ሽቅብ የሚገፋ ውኃ ተዘርግቶላታል። ከተራራው በጎርፍ የወረደው በኤሌክትሪክ ተመልሶ ይወጣል ማለት ነው።

በግቢ ውስጥ የእጅ ጉድጓድ ያለው ሰው፣ ጎርፍ አፉን ካለፈው፣ መጀመሪያ ደጋግሞ ቀድቶ ያደፈረሰውን ያወጣል። ከዚያ ውኃውን ይለካል፤ የጉድጓዱ ስፋት 1 ሜትር፣ የውኃው ጥልቀት 2 ሜትር ከሆነ 1.6 ሜትር ኩብ ያህል ነው። 5 በመቶ ክሎሪን ያለው በረኪና በ1 ሜትር ኩብ 1 ሊትር ሲጨመር በሊትር 50 ሚሊ ግራም ይሆናል። መጠኑ ጠርሙሱ ላይ ይነበባል፤ ደካማ ከሆነ በዚያው ልክ ይጨመራል። በባልዲ እየተቀዳ ግድግዳው ይታጠብበታል፣ ተከድኖ ቢያንስ 12 ሰዓት ይቆያል፣ ከዚያ ሽታው እስኪጠፋ ይቀዳል። ይህ ጀርም ይገድላል። መጸዳጃ ጉድጓድ በተጨናነቀበት መሀል ከተማ ከመጸዳጃ ወደ ውኃው የሚሰርገው ናይትሬት የተባለ ውህድ ግን በበረኪና አይነካም፤ ማፍላትም ውኃውን እያተነነ ናይትሬቱን ያበረታዋል እንጂ አያጠፋውም። ለሕፃን ወተት መበጥበጫ ከእንዲህ ያለ ጉድጓድ አይቀዳም፤ የቧንቧውን ወረፋ መጠበቅ ነው።